ማልዶ መውጣት፣ ሳይመሽ መውረድ፦ የበልግ ተራራ ጉዞ ሳይንስ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ገና ዳገቱን ሳይጨርስ የመኪናውን መስኮት መዝጋት ይጀምራል። ታች ሳለ በክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ኮት ደሴ ሲገባ ይለብሰዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ይህ የከፍታ ልዩነት ነው ኮቱን የሚያስለብሰው። በዚህ ጽሑፋችን ከዚህ ቀላል ትዝብት ተነሥተን፣ በበልግ ወራት ወደ ከፍተኛ ተራሮች የሚወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመውና ሳይንሱ ምን እንደሚመክረው እንመለከታለን።

ስንወጣ ለምን ይበርደናል?

ብዙዎች ተራራ ላይ ስንወጣ ወደ ፀሐይ ስለምንቀርብ ሊሞቀን ይገባ ነበር ይላሉ። ነገር ግን አየር በአብዛኛው የሚሞቀው ከፀሐይ በቀጥታ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት እናገኛለን። ከደሴ ተነሥተን ወደ 4,000 ሜትር ወደሚጠጋው የደቡብ ወሎ ተራራ ወደ አምባ ፈሪት ብንሄድ ደግሞ ሌላ 10 ዲግሪ ያህል እናጣለን። ስለዚህ በደሴ 10 ዲግሪ በሆነ የንጋት ሰዓት በአምባ ፈሪት ራስ ላይ ውኃ ወደሚረጋበት ደረጃ ተቃርበናል ማለት ነው።

ታዲያ በረዶው የት አለ?

ቋንቋችን በረዶ የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል። ከነጎድጓዳማ ደመና እንደ ጠጠር የሚወረወረውም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ይባላል። የመጀመሪያውን የወሎ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን በአገራችን ብርቅ ነው፤ በሰሜን ተራሮች፣ በተለይ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። ወሬውም ጥንታዊ ነው። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ያስቀረጸውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገለበጠው ጽሑፍ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደ ነበር ያወሳል። በሰሜንና በባሌ ተራሮች በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ያረፈባቸው ቦታዎች ምልክትም ዛሬ ድረስ በአለቱ ላይ ይነበባል።

ዛሬ ግን በምድር ወገብ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ የሚገኘው ከተራሮቻችን ራስ በላይ ነው። በኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር፣ በኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር ላይ በረዶ ቢኖርም፣ እርሱ ራሱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ነው።

ከአልፕስ የምንማረው

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች መጋቢትና ሚያዝያ የበረዶ ሸርተቴ ተጓዦች ወቅት ነው። እነዚህ ተጓዦች የሚያወጣቸውን ማሽን ሳይጠብቁ በራሳቸው ጉልበት ይወጣሉ። ከመንሸራተቻው ሥር በአንድ አቅጣጫ የተኛ ጠጉር ያለው ጨርቅ ይለጥፋሉ፤ ጠጉሩ ወደ ፊት ሲገፋ ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ግን በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል። ቀድሞ ለዚህ ተግባር የሚውለው የአቆስጣ ቆዳ ነበር። ራስ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ልጠው ይወርዳሉ።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን የሰዓት አጠቃቀማቸው ነው። በጸደይ ሌሊት የበረዶው ገጽ ይጠነክራል፤ ረፋድ ላይ በጥቂቱ ይለሰልሳል፤ ከሰዓት በኋላ ግን የቀለጠው ውኃ ወደ ውስጥ ሰርጎ የበረዶውን ንብርብር ያላላዋል። በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ገደል ላይ ንብርብሩ ተንዶ ሰው ሊቀብር ይችላል። ስለዚህ ሕጋቸው አንድ ነው፦ ከንጋት በፊት ተነሥ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውረድ።

ኢትዮጵያዊም በዚህ ስፖርት ታይቷል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ አገሩን ወክሎ በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

የእኛ አደጋ ከሰማይ ነው

በደሴ ምዕራብ የቆመው ጦሳም ሆነ ከእርሱ ርቀው የሚታዩት ከፍተኛ ሰንሰለቶች የሚናድ በረዶ የላቸውም። የሰዓቱ ሕግ ግን ለእነርሱም ይሠራል። በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበት ወደ ደጋው ይደርሳል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ተራራውን ተከትሎ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ያ ደመና መብረቅና በረዶ ይዞ ይመለሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የተነሣ ተጓዥ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከተራራው ጀርባ ሊወርድ ይችላል፤ አርፍዶ የወጣ ግን ራስ ላይ ሳለ ይያዛል።

መብረቁ ምን ያህል እንደ ቀረበ በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ጊዜ እንቁጠር፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከጫፍና ከብቸኛ ዛፍ ርቆ ዝቅ ወዳለ ስፍራ መውረድ ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት ብርድ ነው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ላይ ነን። ለዚህ ደግሞ ውርጭ አያስፈልግም፤ ዝናብና ነፋስ ይበቃሉ። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ሙቀት ስለሚያሻግር የራሰ የጥጥ ልብስ ሙቀታችንን ይዘርፋል። የበግ ጠጉር ግን ሲርስም በውስጡ አየር ይይዛል። አባቶቻችን ለደጋው በርኖስና ባና መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጉዞ ጓደኛችን መንቀጥቀጡን ትቶ ምላሱ ቢተሳሰር ወይም ዐረፍ ልበል ብቻ ቢል፣ ዳነ ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው፤ የራሰውን ልብስ አውልቆ፣ በደረቅ ሸፍኖ፣ ቀስ እያሉ ማውረድ ግድ ነው።

ሦስተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 62 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የደሴ ሰው በከፊል የለመደው ቢሆንም ከቆላ የመጣ እንግዳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ፈውሱ መውረድ ነው።

ጅብራውና ገበሬው

በተራራው ላይ ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ክረምት ነው። ጅብራ ይህን ተላምዶ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን እምቡጥ ይሸፍናል። ለበልግ የተዘራው ገብስ ግን ይህን ጥበብ አልታደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ጠፈር ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳው ይፈስሳል። ስለሆነም ውርጭ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ተዳፋቱን ሳይሆን ሜዳውን ነው። ተጓዥም ከጎድጓዳ ስፍራ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያድር ይሻለዋል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ ተጓዡ የሚያጣው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲሆን ገበሬው የሚያጣው የቤተሰቡን የወራት ቀለብ ነው።

እንግዲህ ቀጣዩን ጉዞአችንን ስናቅድ ከቦርሳችን አስቀድመን የምናማክረው ሰው አለ። ደመናው ከየት እንደሚነሣ፣ ውርጩ የትኛውን ማሳ እንደሚመታ የተራራው ነዋሪ ያውቃል። የእኛ ድርሻ እርሱ በልማድ ያወቀውን ምክንያቱን ፈልጎ፣ ለክቶና መዝግቦ መልሶ ለእርሱ ማድረስ ነው። ተራራን ለጨዋታ ብቻ የወጣ ሰው ውብ እይታ ይዞ ይመለሳል፤ ቴርሞ ሜትርና ደብተር ይዞ የወጣ ግን ለታች አገርም የሚተርፍ ነገር ያመጣል።