ስሟ እንዲነሳ፦ ሴት ካርቱኒስቶች፣ ሥዕላዊ ግለ ታሪክና የሂስ ድርሻ

በሰሜን ሸዋ በራቤል ገበያ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ «የማን እጅ ነው?» ሲል የሚነገረው የሸማኔው ስም ነው። በመንዝና በግሼ ደጋ የበጉን ጸጉር አፍታታ፣ እስከ እኩለ ሌሊት በእንዝርት ስትፈትል ያመሸችው ሴት አትጠራም። ክሩ ካልጠበቀ ባናው እንደማይጠብቅ ሁሉም ያውቃል፤ ምስጋናው ግን ከሸማኔው አያልፍም። በሥዕል የሚነገር ታሪክም ለረጅም ጊዜ የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ሴቶች ሣሉ፣ ጻፉ፣ አሳተሙ፤ ሥራቸውን አንብቦ ዋጋውን የሚናገር ሐያሲ ግን ዘግይቶ መጣ። ይህ ዳሰሳ ያ እውቅና እንዴት እንደተገነባና ለእኛ ምን እንደሚያስተምር ይመለከታል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቆየው ሥር

ሥዕላዊ ግለ ታሪክ ባለታሪኩ የገዛ ሕይወቱን በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ጽሑፎች የሚተርክበት መጽሐፍ ነው። የጋዜጣ ካርቱን የዕለቱን ጉዳይ በአንድ ሥዕል ነክቶ ያልፋል፤ ሥዕላዊ ግለ ታሪክ የአንድን ሰው ዓመታት ገጽ በገጽ ይከተላል። ስያሜው አዲስ ቢሆንም አነባበቡ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የሚተርከው የሸራ ሥዕል ከዘንዶው መገደል ጀምሮ በተርታ ይነበባል። ፊደል ያልቆጠረች እናትም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ታሪክ ሥዕሉን ከሥዕሉ እያያያዘች ታነባለች።

በእነዚህ ሥዕሎች መካከል ሴት አለች፤ ብሩሹን የያዙት ግን በአብዛኛው ከቤተ ክህነት የወጡ ወንዶች ነበሩ። ከሰሜን ሸዋ የተነሳ አንድ ታላቅ ምስክር አለን። በቡልጋ የተወለደችው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ያየችውን «እኔ» እያለች የምትናገርበት ሰፊ ክፍል በገድሏ ውስጥ ይገኛል። ሰይጣንን ከፈጣሪው ልታስታርቅ ሄዳ ወደ ሲኦል የተጎተተችበትና በቅዱስ ሚካኤል እጅ የወጣችበት ራእይ የሠዓሊዎች ርእስ ሆኖ ኖሯል። ተናጋሪዋ እሷ ነበረች፤ የጻፈው ሌላ፣ የሣለውም ሌላ ነው። በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስም የአንዲት መነኩሲትን ሕይወት ይተርካል፤ ከቅጂዎቹ መካከልም ሕይወቷን በሥዕል የሚያሳዩ አሉ። የዘመናችን ሥዕላዊ ግለ ታሪክ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ተናጋሪዋን፣ ጸሐፊዋንና ሠዓሊዋን አንድ ሰው ማድረጉ ነው።

እውቅናው እንዴት ተገነባ

የአሜሪካው የፑሊትዘር ሽልማት ለጋዜጣ ካርቱን መሰጠት የጀመረው በ1922 ሲሆን፣ ሲግኒ ዊልኪንሰን የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ የሆነችው በ1992 ነው፤ ሰባ ዓመት ፈጅቷል። በመካከሉ ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1970 ትሪና ሮቢንስና ባልደረቦቿ በሴቶች ብቻ የተዘጋጀ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ በአሜሪካ አሳተሙ፤ በ1972 ደግሞ ለዓመታት የዘለቀው «ዊመንስ ኮሚክስ» ተከተለ። ሮቢንስ ይህም አልበቃ ብሏት ከእሷ በፊት የነበሩ የተረሱ ሴት ካርቱኒስቶችን እየፈለገች ታሪካቸውን በመጻሕፍት አኖረች። የሂሱ ሥራ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፦ የጠፋውን ስም ከማንሳት።

የሰፊው አንባቢ በር የተከፈተው በማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ነው። ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይኛ በአራት ቅጽ የወጣው ይህ ሥራ የኢራንን አብዮትና ጦርነት በአንዲት የቴህራን ልጅ ዓይን ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ፊቶቹ በጥቂት መስመር የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አገሩን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ልጅቷን እንደ ራሱ ልጅ ያያታል። በ2007 ደራሲዋ ከቪንሰንት ፓሮኖ ጋር ወደ ፊልም ለውጣው በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት አገኘች።

በ2006 የወጣው የአሊሰን ቤክደል «ፈን ሆም» አባቷ ደብቆ ስለኖረው ሕይወት ነው። ቤክደል የእያንዳንዱን ሰው አኳኋን ለመያዝ ራሷ ያን ሰው እየሆነች ፎቶ ትነሳና ከፎቶው ትሥላለች። የአባቷን አቀማመጥ በገዛ ሰውነቷ ሞክራ ነው ያስታወሰችው ማለት ነው። ሮዝ ቻስት ደግሞ በ2014 ያረጁ ወላጆቿን ስታስታምም ያለፈችበትን ድካም፣ ወጪና ጸጸት ሳትሸሽግ ሣለች፤ መጽሐፏም የአሜሪካ መጻሕፍት ሐያስያን ማኅበርን የግለ ታሪክ ሽልማት ወሰደ። በ2025 የቴሳ ሀልስ ሥራ፣ የሦስት ትውልድ ሴቶች ታሪክ፣ ፑሊትዘርን በግለ ታሪክ ዘርፍ አሸነፈ። ቀደም ሲል የአርት ስፒገልማን ሥዕላዊ መጽሐፍ «ማውስ» በ1992 ከፑሊትዘር የተሰጠው ልዩ ሽልማት ነበር። አሁን ግን ሥዕላዊው መጽሐፍ ከሌሎች ግለ ታሪኮች ጋር በአንድ ሚዛን ተመዝኗል።

ሐያስያኑ ለዚህ መንገድ ጠርገዋል። ሂላሪ ሹት በ2010 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳትራፒን፣ ቤክደልንና ሌሎች ሦስት ሴቶችን መርምራለች። በእነዚህ ሥራዎች ገጽ ላይ ትልቋ ሴት በቃል ትናገራለች፤ ልጅቷ በሥዕሉ ውስጥ ገና ሁሉን ሳታውቅ ትንቀሳቀሳለች። ሁለት ዘመን በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገናኛሉ። በቃል ለመናገር የሚከብድ ጉዳትም መልክ ያገኛል።

ሽልማት ግን በራሱ አይስተካከልም። በ2016 የፈረንሳዩ የአንጉሌም ፌስቲቫል ለታላቁ ሽልማት 30 ሰዎችን ሲያጭ አንዲት ሴት አልነበረችበትም። ተቃውሞ ተነሳ፤ ከታጩት ወንዶች በርካቶች ስማቸውን አስወጡ፤ ዝርዝሩም ተሰረዘ። በ2000 ፍሎራንስ ሴስታክ ካሸነፈች ወዲህ ሴት አልደገመችም ነበር፤ ከተቃውሞው በኋላ ሩሚኮ ታካሃሺ በ2019፣ ጁሊ ዱሴ በ2022፣ ፖዚ ሲመንድስ በ2024 ተሸለሙ። ይህን ለውጥ ያመጣው ዝም አለማለት ነው።

ወደ አፍሪካና ወደ አገራችን

በአቢጃን ያደገችው ማርጌሪት አቡዌ በ2005 «አያ»ን ጻፈች፤ ክሌመን ኡብሬሪ ሣለው። የ1970ዎቹን የዮፑጎን ሰፈር ፍቅርና ሐሜት የያዘው መጽሐፍ በ2006 የአንጉሌምን የመጀመሪያ አልበም ሽልማት አገኘ። ከራሷ የልጅነት ትዝታ የተቀዳ ልብ ወለድ ነው።

በአገራችን ሴት ሠዓሊ የብቻዋን ዐውደ ርእይ ያሳየችበት በር በ1969 በደስታ ሐጎስ ተከፈተ። ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ አለች፤ በ2005 በተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሠርታ፣ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» በተባለው የአኒሜሽን ሥራ ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻን ሲጋፈጡና የወር አበባ ነውር እንዳልሆነ ሲያስተምሩ አሳየች። በብሥራት ደበበ የተመሠረተው የኮሚክ አሳታሚ ኢታን ኮሚክስም «ጀምበር» ከተባለው ሥራው ቀጥሎ ሴት ጀግና ያላትን «ሐዊ» አቀረበ። ግለ ታሪክም አለን፤ ሕይወት ተፈራ በ2012 ባሳተመችው «ታወር ኢን ዘ ስካይ» የአብዮቱን ዘመን ወጣትነቷንና እስሯን በራሷ ድምፅ ተርካለች። ሂሱም መሠረት አለው፤ ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ በ2019 ያወጣችው «ሞደርኒስት አርት ኢን ኢትዮጵያ» ዘመናዊ ሥዕላችንን በመጽሐፍ ሙሉ የመረመረ ነው።

እንግዲህ ክሩ ሁሉ በእጃችን አለ፦ በ44 ክፍል የሚተርክ ሥዕል፣ ከቡልጋ የተነሳ «እኔ» የሚል የሴት ድምፅ፣ ግለ ታሪክ የጻፈች ሴት፣ አኒሜሽን የምትሠራ ሴት፣ ሥዕል የምትመረምር ሴት። ቀሪው ሥራ ማያያዝ ነው፤ ይህም የመምህሩ፣ የጋዜጣው የኪነ ጥበብ አምድ አዘጋጅና የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ድርሻ ነው። አንዲት የራቤል ተማሪ በደብተሯ ጀርባ እናቷን እንዝርት ስታሾር፣ ውርጩን፣ የገበያውን መንገድ በተርታ ብትሥል፣ ያ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ደብተሩን የሚያየው ሰው ገልጦ ያንብበው፤ ስለ ባናው እንደሚጠይቀው «የማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፈው።