ስለ አርዲቦ የሚባለውና እውነታው

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። አብዛኛው መንገደኛ ልቡ ላሊበላ ላይ ስለሆነ ዓሣ በልቶ፣ ሎጎ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ከዚያ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ያለውን የአርዲቦን ሐይቅ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ሳያዩት የሚያወሩለት ይበዛል።

አርዲቦን የሎጎ ሐይቅ ትርፍራፊ አድርጎ የሚቆጥር አለ። ውኃው የሚነግረን ተቃራኒውን ነው። አርዲቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ሎጎ ሐይቅ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአርዲቦ የሚተርፈው ውኃ በአንካርካ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ሎጎ ሐይቅ ይገባል፤ ከሎጎ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ በአርዲቦ ዙሪያ መሬቱ ሲራቆት ደለሉና ጉዳቱ ታች ላለውም ይተርፋል።

ሌላው የሚባለው ሁለቱም ሐይቆች ወለል የላቸውም የሚለው ነው። አላቸው፤ ተለክቷልም። አርዲቦ ከ60 ሜትር፣ ሎጎ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ። ጣና በስፋቱ እጅግ ቢበልጣቸውም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አርዲቦና ሎጎ ሐይቅ ይህን ጥልቀት ያገኙት እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ አይደለም። የአፋር ዝቅተኛ ምድርና የወሎ ደጋ በሚለያዩበት ጠርዝ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ሲሰምጥ የተፈጠሩ ናቸው። የአካባቢው ሰው ስለ ሎጎ ሐይቅ የሚተርከው ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ስለተበደለች ፈጣሪ ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ውኃ እንዳደረገው ነው። ይህ የሥነ ምድር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ግፍ ምን ያህል እንደሚጠላ የሚያስተምር ትረካ ነውና ሊጠፋ አይገባውም።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ስለ ደን የምንደጋግመው ነገር ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር፤ በእኛ ዘመን አለቀ» እየተባልን አድገናል። የአርዲቦ ጭቃ ግን ሌላ ታሪክ ይዟል። በየዓመቱ ከዙሪያው ዕፅዋት የሚበንነው ብናኝ ወደ ሐይቁ ወለል እየሰጠመ ንብርብር ይሠራል። ተመራማሪዎች ከአርዲቦና ከሎጎ ሐይቅ ወለል ያወጡትን ደለል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳተሙ። የዝግባና የጽድ ደኑ የተመነጠረው ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመታት ያህል አገሩን የያዙት ክትክታና ሣር ነበሩ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽድ ከወይራና ከቀውት ጋር ሆኖ እንደገና በቀለ፤ ምናልባትም ሕዝቡ በመመናመኑና ዝናቡ በመጨመሩ ሊሆን ይችላል። ኋላም ተመልሶ ተጨፈጨፈ።

ይህ ዛሬ ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው ማመካኛ አይሆንም። እኔ የማነብበት ተስፋን ነው፦ በዚህ አፈር ላይ ደን አንዴ ጠፍቶ ተመልሷል፤ ከተጠበቀም ሊመለስ ይችላል።

በሎጎ ሐይቅ ስላለው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሁለት ነገር ላስተካክል። ብዙዎች ደሴት ይሉታል፤ ጥንት ነበር፣ አሁን ግን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። «ሴት ወደ ሐይቅ አትሄድም» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ክልከላው የገዳሙ ብቻ ነው፣ ሐይቆቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል የብራና መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ኖሯል።

«ከሐይቅ ወዲያ የሚታይ የለም» ለሚለው ደግሞ ጎረቤቱ የአምባሰል ወረዳ ራሱ መልስ ነው። የነገሥታት ልጆች ይጋዙበት የነበረው፣ ዛሬም መስከረም 21 ምእመናን የሚተሙበት ግሸን እዚያ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገሩን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራሴላስ» በተሰኘ ልብ ወለድ የተጋዙትን የነገሥታት ልጆች ለምለም ሸለቆ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ እውነተኛው ስፍራ የተራራ አናት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር ውል የተፈረመባት ውጫሌም አምባሰል ውስጥ ናት። የውሉን 17ኛ አንቀጽ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ቦታዋን በካርታ ላይ ቢፈልጋት መልካም ነው።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰባችሁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ ብትሄዱ ተራሮቹን በአረንጓዴያቸው ታገኟቸዋላችሁ። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ደሴ ላይ አጣርታችሁ ተነሡ፤ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱም ከአገሩ ልጆች አንዱን መሪ ያዙና ወደ አርዲቦ ውጡ።