ኪስ ያላት ተርብ

ከአይከል ቁልቁል ወደ መተማ በሚወርደው ቆላ ሾላ ሲበስል እረኛ ከዛፉ ሥር አይጠፋም ነበር። ፍሬውን ግን እንዳገኘው አይጎርሰውም። ለሁለት ይገምስና እፍ ይልበታል፤ ውስጡ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ነፍሳት አራግፎ የቀረውን ይበላል። ፍሬው ከውጭ ሲታይ ድፍን ነው፤ ታዲያ ነፍሳቱ በየት በኩል ገቡ? ይህን ለራሱ የጠየቀ እረኛ አልጠፋ ይሆናል። ነገሩን ሥሩ ድረስ የተከታተለው ግን ነፍሳቱን እፍ እያለ ያደገ ሰው አልነበረም። ከነፍሳቱ ዋነኛዋ በሌለችበት አገር የሚኖር ሰው ነበር።

ያዕቆብ ጋሊል በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ኢያሪኮ ላይ የወጣበት ሾላ በእሱም አገር ጥላውን ጥሎ ቆሟል። ዛፉ ግን አንድም ዘር አይሰጥም ነበር። ሰው ቅርንጫፍ ቆርጦ ካልተከለው አይራባም፤ ፍሬውም በራሱ ጊዜ እሺ ብሎ አይበስልም። ስለዚህ በግብፅና በአካባቢዋ ገበሬው ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ዛፍ ላይ እየወጣ እያንዳንዱን ጥሬ ፍሬ በስለት ይጭረው ነበር። ሦስት አራት ቀን ሲቆይ ፍሬው ያብጣል፣ ይጣፍጣል። ከግብፅ መቃብሮች የወጣ የደረቀ ሾላ እንኳ የስለቱ ጠባሳ ተገኝቶበታል።

ጋሊል የስለቱን ምስጢር ፈታው። ፍሬው ሲቆስል ኢትሊን የተባለውን፣ ፍራፍሬ የሚያበስለውን ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ደስ የሚል መልስ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ወለደ። ዱር ውስጥ ሾላን በስለት የሚጭር የለም። ታዲያ የገበሬው እጅ ይሠራ የነበረው የማንን ሥራ ነው?

የአገሩ ፍሬ ሲከፈት አንዲት ደቃቃ ተርብ ተገኘች፤ ሲኮፋጋ ትባላለች። ተርብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጎጆ ሠርቶ በመንጋ የሚናደፈው ነው። መንጋ የሌላት፣ እንቁላሏን ጥላ የምትሄደው ግን በዓይነት እጅግ ትበዛለች፤ ይቺም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሥራው ያለቀ መሰለ። አላለቀም፤ ፍሬው በተርብ ተሞልቶም ዘር አልያዘም። ሲኮፋጋ አበባው ውስጥ ትፈለፈላለች እንጂ ለአበባው የምትመልሰው ውለታ አልነበራትም። ተፈላጊዋ ተርብ ዛፉ በዘሩ በሚበቅልበት አገር መኖር ነበረባት።

ጋሊል ከባልደረባው ከዳን አይሲኮዊች ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዞረ። እዚህ የተከፈተው ፍሬ ዘር ነበረው። ከዘሩም ጋር ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ሌላ ተርብ ነበረች፤ የሳይንስ ስሟ ሴራቶሶለን አራቢከስ።

የሾላ ፍሬ የሚባለው ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ቤት ነው። አበቦቹ በመቶዎች እየተቆጠሩ ውስጡን ሞልተውታል። በሩ ጫፉ ላይ ያለች፣ ቅርፊት የተደራረበባት ጠባብ ሽንቁር ናት። ሴቷ በዚያች ስትሽሎከሎክ ክንፏ ተገንጥሎ ይቀራል። እንቁላሏን አበቦቹ ላይ ትጥልና እዚያው ትሞታለች። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ልጆቿ ይፈለፈላሉ። ክንፍ የለሾቹ ወንዶች ቀድመው ወጥተው ከሴቶቹ ጋር ይገናኛሉ፤ ከዚያ የፍሬውን ግድግዳ ቦርቡረው መውጫ ያበጃሉ። የእነሱ ዕድሜ በዚህ ያበቃል። ሴቶቹ በቀዳዳው ወጥተው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበራሉ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። በበለስ ውስጥ የምትኖረው ዘመዷ፣ የቁልቋሉን በለስ ማለቴ አይደለም፣ ስትወጣ ገላዋ ሁሉ የአበባ ብናኝ ለብሶ ነው። የሾላዋ ግን ጥርት ብላ ትወጣለች። ትንሽ ብናኝ ቢነካት እንኳ በጠባቡ በር ስትገባ ቅርፊቱ ይጠርገዋል። ጀርባዋ ላይ አልነበረም፤ እግሯም ላይ አልነበረም። ሆኖም ፍሬው ዘር ይዟል። ብናኙን የሆነ ቦታ ደብቃው መሆን አለበት።

ደረቷ ሥር ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እዚያ ሁለት ጎድጓዳ ኪሶች አሉ፤ ኪሶቹም ብናኝ ይዘዋል። ቀሪው ሥራ አድራጎቷን መከታተል ሆነ። ከተወለደችበት ፍሬ ልትወጣ ስትል ወንዴ አበቦቹ ዘንድ ትሄዳለች። በፊት እግሮቿ ብናኙን ትዝቃለች፤ ወደ ደረቷ እያነሣች ኪሷ ውስጥ ትጠቀጥቃለች፤ ሩቅ አገር እንደሚሄድ መንገደኛ ስንቋን ትቋጥራለች። አዲሱ ፍሬ ውስጥ ስትገባ ደግሞ እንቁላል እየጣለች ከኪሷ በእግሯ እየቆነጠረች ሴቴ አበቦቹ አናት ላይ ትነሰንሳለች። አብዛኞቹ ነፍሳት ብናኝ የሚያዳርሱት ሲሳቡበት ስለሚጣበቅባቸው ብቻ ነው። ይቺኛዋ ግን፣ ቃሉ ካልበዛባት፣ ትዘራ ነበር።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ታተመ። በዚያው በ1969 ኮስታ ሪካዊው ዊልያም ራሚሬዝ በአሜሪካ የሾላ ዘመዶች ውስጥ የሚኖሩ ተርቦችም እንዲህ ያለ ኪስ እንዳላቸው “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ አስነበበ። ጋሊልን ዕድለኛ ያደረገው የአገሩ ጉድለት ይመስለኛል። ተርቧ በሞላችበት ቆላ ሾላው ዘር ማፍራቱ ማንንም አያስደንቅም ነበር፤ መካን ሾላ ሥር የቆመ ሰው ግን የጎደለውን መፈለጉ አልቀረም።

አንድ ነገር ቀረ። በምሥራቅ አፍሪካ ሾላ ውስጥ ሌላም ሴራቶሶለን ነበረች። በዚያችው በር ትገባለች፣ ክንፏን ትሰብራለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ብናኝ ግን ይዛ አትመጣም። እህቷ በዘራችው ቤት በነፃ የምትኖር ደባል ናት። ይህ ጠባይዋ ገና ሳይታወቅ፣ በ1964፣ ሆላንዳዊው የነፍሳት ሊቅ ዊበስ ለጋሊል ክብር ሲል ስም አውጥቶላት ነበር። ስም ከወጣ አይመለስምና አጭበርባሪዋ እስከ ዛሬ ሴራቶሶለን ጋሊሊ እየተባለች ትጠራለች።