ሰፊ ዓለም፥ ያልተፈጸመ ሥራ

የሰው አሳብ ዘወትር ከእጁ ሥራ ይቀድማል። ቤት የሚሠራ ሰው አዳራሹንና ሰገነቱን በአሳቡ አስቀድሞ ያያል፤ ገንዘቡና ጊዜው ግን አንዳንድ ጊዜ ጣራው ሳይከደን ያልቃሉ። ይህ ነገር በዘመናችን የቪዲዮ ጨዋታዎች፥ ይልቁንም «ክፍት ዓለም» በሚባሉት ላይ ጎልቶ ይታያል። እኛም ከሥራ ሰዓት በኋላ በእነዚህ ጨዋታዎች ከሚደሰቱት ወገን ስለ ሆንን፥ መልካሙንም ጉድለቱንም ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

ክፍት ዓለም ማለት ተጫዋቹ በተሰመረለት አንድ መንገድ ብቻ የማይሄድበት፥ ተራራውንም ከተማውንም እንደ ፈቃዱ የሚጎበኝበት ጨዋታ ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2017 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፥ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» በተባለው ጨዋታ፥ በሩቅ የታየውን ተራራ ሁሉ ለማለት ይቻላል፥ ቧጥጦ መውጣት ይቻላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ድንጋዩ ያዳልጣል። ከገደሉ ሥር ተጠልለን ዝናቡ እስኪያባራ የጠበቅንበት ጊዜ ነበር፤ ያም መጠበቅ ራሱ ደስታ ነበረው።

ስፋት ግን የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ቤቴስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1996 ዓ.ም. ያወጣው «ዳገርፎል» የታላቋን ብሪታንያ ያህል ስፋት እንዳለው ተነግሮለት ነበር። ይህን ሁሉ በሰው እጅ መሥራት ስለማይቻል፥ አብዛኛው ምድር የተዘጋጀው በኮምፒዩተር ስሌት ነው፤ ስለዚህ አንዱ መንደር ሌላውን ይመስላል። ተጫዋቹም ወለሉ ከድቶት ከዓለሙ ውጭ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጊልፎርድ ከተማ የሚገኘው ሄሎ ጌምስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ «ኖ ማንስ ስካይ»ን አወጣ። የፕላኔቶቹ ቁጥር ከ18 ኩዊንቲሊዮን ይበልጣል፤ ይኸውም 18 ተጽፎ 18 ዜሮ ሲከተለው ማለት ነው። ነገር ግን ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ የተባለው ተስፋ በመጀመሪያው ቀን ስላልተፈጸመ ብዙዎች ተቆጡ። ኩባንያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲያሻሽለው ቆይቶ፥ ተጫዋቾቹ በሚገባ አብረው መጓዝ የቻሉት በ2018 ዓ.ም. ነው።

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ደግሞ «ሳይበርፐንክ 2077»ን በ2012 ዓ.ም. አስታውቆ፥ በ2020 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ጊዜ ቀን ከለወጠ በኋላ ዲሴምበር 10 ቀን ለገበያ አቀረበው። በመጨረሻው ወቅት ሠራተኞቹ በሳምንት 6 ቀን እንዲሠሩ ታዘው ነበር። ሆኖም ጨዋታው በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እጅግ ስለ ታወከ፥ ሶኒ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከመደብሩ አነሣው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በ2021 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ2023 ዓ.ም. ከወጣው ታላቅ ማሻሻያ በኋላ ብዙዎች አመሰገኑት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ስሕተቱ ለምን ይበዛል? በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሊፈጸሙም ላይፈጸሙም የሚችሉ 20 ነገሮች ብቻ ቢኖሩ፥ ዓለሙ ሊኖርባቸው የሚችሉት ሁኔታዎች 1,048,576 ይሆናሉ። ታላላቆቹ ጨዋታዎች ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ነገሮች አሉባቸው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምር የሰው ኃይል አይገኝም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ለሦስት ምሽት ፈልገን፥ ኋላ ከወለሉ በታች ሰምጣ አገኘናት፤ ጉዳያችንም ሳይፈጸም ቀረ።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ታላቅ ነገር ማሰብ ነውር አይደለም። ጠባብና ፍጹም ከሆነው ጨዋታ ይልቅ፥ ሰፊና ጎዶሎ የሆነው በልባችን የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከኮረብታው ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ያስመኛልና። ነገር ግን ማሰብና ቃል መግባት የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የገዛ ሰው የከፈለው ለተነገረው ነገር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ማሻሻያ ጨዋታውን ያድናል እንጂ ያን ቀን አይመልስለትም። ያለ ዕረፍት የሠራውም ሠራተኛ የተወሰደበትን የዕረፍት ቀን አያገኘውም።

የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ያላለቀን ሥራ ለምረቃ ቀን ማድረስ፥ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ሁለተኛ ሥራ ይወልዳል። የሚሠሩት ሰዎች ከዓለሙ ስፋት እኩሌታውን ቀንሰው የቀረውን ቢያጠሩት፥ የሚያመሰግናቸው ይበዛል ብለን እናምናለን።

ለገዢ የምንመክረው፥ ለማስታወቂያው ሳይሆን በእጅ ላለው ሥራ እንዲከፍልና ጥቂት ወራት እንዲታገሥ ነው። ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። መጨረሻ ያለው ጨዋታ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይነሣል፤ ክፍት ዓለም ግን በቃ አይልም። ስለዚህ ሰዓቱን የሚወስነው ጨዋታው ሳይሆን ቤተ ሰቡ ይሁን።