«ጨፋሪ ነኝ ማለት ከበደኝ»፦ ሳልጠይቅ ያለፍኩት የቅልጥም ሕመም

ዛሬ ስለ ውዝዋዜ ነው የማወራችሁ። «ዶክተር ደግሞ ጭፈራ ውስጥ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፤ የራሴንም ጥፋት ነው የምነግራችሁ። ባለታሪኳ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባሁም።

ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ተመላላሽ ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ገባችና «እዚህ ጋ ያመኛል» ብላ የቀኝ እግሯን ቅልጥም በአንድ ጣት ነካች። በአንድ ጣት! (ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።) ካርዷ ላይ ሥራ የሚለው ቦታ «የግል» ተብሎ ተሞልቷል። ወድቀሻል? አልወደቅኩም። ትኩሳት? የለም። ራጅ አዘዝኩ፣ ምንም ሳይታይበት መጣ። «የጡንቻ ነው፣ ትንሽ ዕረፍት አድርጊ» አልኳትና ዲክሎፌናክ ጽፌ ሸኘኋት። አምስት ደቂቃ የፈጀብኝ አይመስለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እያነከሰች ተመለሰች። ኪኒኑን ስትውጥ ሕመሙ ይተዋታል፣ ማታ ሥራ ትገባለች፣ ሌሊት የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳታል። «ቆይ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት፣ በስንት ጊዜዬ። አንገቷን ደፋች። «ዶክተር፣ የባህል ተወዛዋዥ ነኝ። ያኔ ጨፋሪ ነኝ ማለት ከበደኝ።»

እውነት ለመናገር ያፈርኩት እኔ ነኝ። «አዝማሪ» የሚለው የሙያ ስም እንደ ስድብ ሲነገር በኖረበት አገር እሷ ብትደብቀው አይገርምም። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

ሁለተኛው ራጅ ላይ ቅልጥሟ ላይ ስስ መስመር ታየ። ስትረስ ፍራክቸር እንለዋለን። በአንድ ምት የተሰበረ አጥንት አይደለም፤ በተደጋጋሚ ጫና ቀስ በቀስ የተሰነጠቀ ነው። አጥንት ሕይወት አለው፤ ጫና ሲበዛበት የተጎዳውን ክፍል አፍርሶ በአዲስ ይተካል። ችግሩ ማፍረሱ ይቀድማል፣ መገንባቱ ሳምንታት ይፈልጋል። በመሃል ዕረፍት ካላገኘ ግንበኛው ሳይደርስ አፍራሹ ሥራውን ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል፣ ዋጋው ግን ለሁሉም ኪስ አይሆንም። ስለዚህ ራጁ ንጹህ ስለሆነ ብቻ «ምንም የለሽም» ማለት አይቻልም። እኔ ብዬ ነበር።

አሁን ወደዚያች አንድ ጣት ልመለስ። ከብዙ ሩጫና ዝላይ የሚመጣ ቀላል የቅልጥም ሕመም ሲሆን ሰው በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ነው የሚያሳየው፣ ሰፋ ያለ ነው። በአንድ ጣት «እዚህች ጋ» ካለና ቦታው ሲጫኑት የሚያስጮኸው ከሆነ አጥንቱን መጠርጠር ነው።

ለምን ከፋሲካ በኋላ? ይሄንን ራሷ ናት ያስረዳችኝ። በዓቢይ ጾም 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ የባህል ምግብ ቤቶችም ሥራ ይቀዘቅዛል። እሷም ልምምድ አቁማ ቤቷ ተቀመጠች። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ግን ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ በሳምንቱ ማታ ማታ መድረክ። ከዜሮ ተነስታ በሳምንት ስድስት ቀን! ሁለት ወር የተኛን ሯጭ በአንዴ እንዲህ የሚያስሮጥ አሰልጣኝ ታውቃላችሁ? እሷ ግን አሰልጣኝም የለቻት፣ የዕለት ክፍያ ነው ያላት።

አስቡት እስቲ፣ ገጠር ውስጥ ሰው የሚጨፍረው የራሱን አካባቢ ጭፈራ ነው፤ ከልጅነቱ ሰውነቱ የለመደውን፣ በአፈር ወይም በሣር ላይ፣ ሲደክመው ወጥቶ እያጨበጨበ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ቲያትር፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ውዝዋዜን ወደ መድረክ ካመጡት መካከል ናቸው። ዛሬ በባህል ምሽት ቤቶች አንዲት ልጅ በአንድ ማታ የጎጃሙን እስክስታ፣ የትግርኛውን፣ የሸዋ ኦሮሞውን የአንገት ውዝዋዜ፣ የወላይታውን ወገብ፣ የጉራጌውን እግር ታስኬዳለች። በየመሃሉ ሮጣ ልብስ ትቀይራለች፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ ትመለሳለች። ወለሉ ደግሞ ሴራሚክ ነው፣ ከሥሩ ኮንክሪት።

የጉራጌው ለቅልጥም ከሁሉም ይከብዳል። ጉልበት ከፍ ይላል፣ እግር በፍጥነት ያርፋል፣ ወዲያው ይነሳል። ከዝላይ ስናርፍ እግራችን የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያንን በሙዚቃው ፍጥነት አባዙት።

እስክስታን ደግሞ በሐኪም ዓይን አይታችሁት አታውቁም። ከጀርባ በእጃችሁ የምትዳስሱት ባለ ሦስት ማዕዘን የትከሻ አጥንት ከቀረው አጽማችን ጋር የሚያያዘው ፊት ለፊት ባለችው ቀጭን የአንገት አጥንት በኩል ብቻ ነው። ከጎድን አጥንቶች ጋር እንደ ጉልበት ያለ መገጣጠሚያ የለውም፤ በጡንቻ ተይዞ በላያቸው ላይ ይንሸራተታል። 17 ጡንቻዎች ይያያዙበታል። ጎበዝ እስክስታ ወራጅ አንዱን ሲኮማትር ተቃራኒውን በዚያችው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። አለዚያ እንደ እኔ ይሆናል፤ ትከሻው ይቀርና መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። (የታናሽ እህቴ ሠርግ ቪዲዮ ማስረጃ ነው፣ አላሳያችሁም።)

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ብሬኪንግ የሚባለው የጎዳና ዳንስ በሜዳሊያ ውድድርነት ቀርቧል። ዳንስ ስፖርት ነው አይደለም ብለን መከራከሩን እንተወው። የእሷ አጥንት ግን የሯጭ አጥንት የሚደርስበት ነገር ደርሶበታል።

አንድ ሌላም ያልጠየቅኩት ነገር ነበር፤ የወር አበባዋን። ሦስት ወር ሆኗት ነበር ከቀረ። «እርጉዝ አይደለሁም፣ ተመርምሬያለሁ፤ ከድካሙ ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ። ጾሙን በቀን አንዴ እየበላች ነው ያሳለፈችው፤ ከፋሲካ በኋላም ልብሱ እንዲያምርባት እራት ትዘላለች። ሰውነት ለእንቅስቃሴ የሚያወጣውን ያህል ምግብ ካላገኘ ሆርሞን መቆጠብ ይጀምራል፤ ወር አበባ ይቀራል፣ አጥንትም ይሳሳል። አትጹሙ እያልኩ አይደለም! ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ጤፉ ጥሩ ምግብ ነው። ጥያቄው መጠኑ ነው። ወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ሴት እርጉዝ ባትሆንም መመርመር አለባት።

«ዶክተር፣ የሠርግ ሰሞኑ እስኪያልቅ ብቻ በኪኒን ብይዘውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። የቤት ኪራይ አለባት። ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች። መልሴ አይሆንም ነበር። ማስታገሻው ሕመሙን እንጂ ስንጥቁን አያቆመውም፤ ከቀጠለች ጨርሶ ሊሰበር ይችላል። ያኔ ቀዶ ሕክምናም ሊመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ የቅልጥም ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከዝላይ ማረፍ ይፈልጋል። አለቀሰች። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ራሷ አንድ ሐሳብ አመጣች፦ «ቁጭ ብዬ ትከሻ ብቻ ብሠራስ?» ይሄንን የሕክምና ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። የአጥንት ሐኪሙንም አማከርኩ፤ ቅልጥሙ ክብደት እስካልተሸከመ ድረስ ችግር የለውም አለ። ሁለት ወር በክራንች እየሄደች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለአዳዲስ ልጆች እስክስታ አስተማረች። ክፍያው የድሮዋን አያክልም፣ ግን ኪራዩ ተከፈለ። በአሥረኛው ሳምንት መድረክ ላይ ወጣች፤ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጉራጌኛው ሳይጨመር። ወር አበባዋም ተመልሷል።

ተወዛዋዥ የሆናችሁ ተከታታዮቼ፣ ከጾም ወይም ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሥራ ቀናችሁን በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሩ እንጂ በአንዴ አትግቡበት። ጾሙ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቀለል ያለ ልምምድ ጀምሩ። መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ሥራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ እንደኔ የማይጠይቅ ይገጥማችኋላ።

ሌሎቻችን በዓመት አንዴ ሠርግ ላይ የምንፈነዳው ነን። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን የሚያቅታችሁ ዓይነት። ጭፈራም ይቆጠራል፣ ሳሎን ውስጥም ይሆናል። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ አባቶችና እናቶች፣ በሠርጉ ቀን መድኃኒታችሁን አትዝለሉ፤ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል።

በአንድ ጣት የምታሳዩት፣ ስትዘሉ የሚብስ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስ የእግር ሕመም ያላችሁ ግን ቀርባችሁ ታዩ። እባካችሁ የቅልጥም ፎቶ አንስታችሁ በኢንቦክስ «ዶክተር፣ ተሰንጥቋል?» አትበሉኝ፤ እኔ ራጅ ይዤም አንዴ ስቻለሁ።