«ለኮሌጁ ቅርብ፣ ገቢ ያለው»፦ ጳውሎስ አካባቢ ቤት ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው?

መቼም ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ታክሲ የጠበቀ ሰው ምሰሶና አጥር ላይ የሚለጠፉትን የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ሳያነብ አይቀርም። ይብዛም ይነስ ቃላቸው አንድ ዓይነት ነው። «ለሆስፒታሉና ለኮሌጁ ቅርብ፣ ካርታ ያለው፣ ከዕዳ ነጻ፣ ሰርቪስ ያለው፣ ገቢ ያለው» ይሉና ከሥር የደላላ ስልክ ይከተላል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚነገረን እያንዳንዱን ቃል እንድንጠይቅ ነው። እስቲ ዛሬ ይህችን የአንድ መስመር ማስታወቂያ በየቃሏ እንጠይቃት። አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አራግፎ የሚያወጣው እነዚህን ጥቂት ቃላት አምኖ ነውና።

ነገሩን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ በአገራችን ቤት የሚገዛ ሰው ከግድግዳው በፊት የሚገዛው ወረቀት ነው። ኮሌጅ አጠገብ የሚገዛ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ገና ያልመጡትን ተከራዮች ጭምር ገዝቷል። ወረቀቱን ሳያጣራ ተከራይ መቁጠር የጀመረ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

«ለኮሌጁ ቅርብ»

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ አቅም የሌላቸውን ሕሙማን እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተበት፤ ዛሬ የምናውቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመጣው ከዚያ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገውም እዚሁ ነው። በአቅራቢያው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት (ሰፈርተኛው ፓስተር የሚለው) እና ዊንጌት አሉ።

ይህ ሁሉ ለቤት ፈላጊው ምን ማለት ነው? ሌሊት ተረኛ የሚሆን ሬዚደንት ሐኪም በእግሩ የሚደርስበት ክፍል ይፈልጋል። ነርሱም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ አስተማሪውም እንደዚያው። ከክፍለ ሀገር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ ደግሞ ለሳምንትም ለወርም ማረፊያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ አንዲት ክፍል ብዙ ጊዜ ባዶዋን አታድርም። ጎንደር ማራኪ፣ ባሕር ዳር ፔዳ፣ እዚሁ ስድስት ኪሎ ብትሄዱም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በውጭ አገርም ቢሆን ወላጆች ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቤት ገዝተው ልጃቸውን በአንዱ ክፍል፣ የልጃቸውን ጓደኞች በሌላው ማኖራቸው የተለመደ ነው። የእኛ አገር ልዩነት የሚጀምረው ከመሬቱ ላይ ነው።

«ካርታ ያለው»

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸናው። እንግዲህ ገዥው የሚገዛው በመሬቱ ላይ ያለውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። መብቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ወረቀቱ ነው።

እንደ ጉለሌ ባለ ነባር ሰፈር አራት ዓይነት ቤት ያጋጥማል። አንደኛው የቀበሌ ቤት ነው። የመንግሥት ስለሆነ ነዋሪው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ የራሱ ያልሆነውን ደግሞ ሊሸጥ አይችልም። ሆኖም በድብቅ «ቤቱን ልልቀቅልህ» ተብሎ ብር የሚቀባበል አለ። ቦታው ለልማት ሲፈለግ ግን መንግሥት የሚያውቀው መዝገብ ላይ ስሙ ያለውን ተከራይ ነው። ገንዘብ የከፈለው ሰውዬ ጨዋታው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነባር ይዞታ ነው፤ ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንዲህ ያለው ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዥው ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ሻጩ ሊዝ ሳይከፍል ስለኖረ ብቻ ገዥውም እንደዚያው ይኖራል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ሦስተኛው በሊዝ የተያዘ ቦታ ነው። እዚህ ዋናው ጥያቄ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ስንት ቀርቷል የሚለው ነው።

አራተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በዕጣ የደረሰውን ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድ አንዳንዱ በጓዳ ተስማምቶ ለገዥው ውክልና ይሰጠዋል። ደላላው «አይዞህ፣ ውክልና አለህ፣ ጣጣ የለውም» ይላል። እንዴት ጣጣ የለውም! ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው አብሮት ይሞታል። ያን ጊዜ ገዥው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ሊፋጠጥ ነው።

«ከዕዳ ነጻ»

ይህን ቃል ማመን ያለብን ከደላላው አፍ ሰምተን ሳይሆን ይዞታውን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት አጣርተን ነው። ቤቱ በባንክ ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም የግብር ዕዳ ኖሮበት ሊሆን ይችላል። ካርታው ፎቶ ኮፒ ብቻ ከሆነ ኦሪጅናሉ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላው ውሉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ በአንቀጽ 1723 ያዝዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ይህን ድንጋጌ አጥብቆ ተርጉሞታል። በእኛ አነጋገር «ውልና ማስረጃ» መሄድ ማለት ይኸው ነው። ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ በእጅ የተጻፈ ውል፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ስም አያዛውርም።

ከዚያ ደግሞ ፊርማው የማን ነው የሚለው ይመጣል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሁለቱም እንዲስማሙ በአንቀጽ 68 ያስገድዳል። ባል ብቻውን ፈርሞ ሚስት በኋላ ብትከራከር ሚስት እውነት አላት። ቤቱ የውርስ ከሆነም ሁሉም ወራሾች መፈረም አለባቸው። አንዱ ወንድም አሜሪካ ነው ከተባለ ሕጋዊ ውክልናው ይምጣ ማለት ነው። ገዥው ስም ሲያዛውር የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም ከዋጋው ላይ ደምሮ ይያዝ።

«ሰርቪስ ያለው፣ ገቢ ያለው»

ኮሌጅ አጠገብ ዋጋውን የሚሰቅለው ይህ ቃል ነው። ቁጥር ካላስገባን ስለማይገባን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስላት ብቻ የቀረቡ ናቸው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር ይከራያሉ። በወር 25,000፣ በዓመት 300,000 ብር ይገባል። አንድም ወር ባዶ ሳይሆኑ፣ አንድም ቆርቆሮ ሳይቀየር፣ ግብርም ሳይከፈል ቤቱ ራሱን የሚመልሰው በ20 ዓመት ነው። ገዥው ከዋጋው ግማሹን፣ 3 ሚሊዮኑን፣ በ15 በመቶ ወለድ ቢበደርስ? የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 450,000 ብር ይሆናል። ታዲያ «ኪራዩ ራሱ ባንኩን ይከፍላል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ወደቀ።

«ኪራይ እጨምራለሁ» የሚል ካለ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ያንብብ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው። ተከራይ የማይጠፋበት ሰፈር ነው ብሎ መተማመንም ልክ አለው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ በተማሪ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኪራይ በአንድ ጊዜ እንደሚነጥፍ አይተናል።

ሰርቪሱ በፈቃድ የተሠራ መሆን አለመሆኑም መታየት አለበት። ካርታውና የግንባታ ፈቃዱ የሚያውቁት አንድ ቤት ሆኖ ግቢው ውስጥ ስድስት ቤት ከተገኘ፣ ያለ ፈቃድ ለተሠሩት ካሳ መጠበቅ አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰጠው ሕጋዊ ለሆነው ንብረት ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ «ቦታው በፕላን ለምን ተይዟል?» የሚለው ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መሆን ይገባዋል።

ታዲያ ማን ይገዛል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከማስታወቂያ የሚያልፈው። ለኮሌጁ ቅርብ መኖር በጣም የሚያስፈልገው ሌሊት የሚጠራው ሐኪምና ነርስ ነው። ዋጋውን ግን የሚወስነው እሱ የሚያገኘው ደመወዝ ሳይሆን ከእሱ ሊሰበሰብ የታሰበው ኪራይ ነው። ያው ሰው በኪራዩ ቤቱን ውድ ያደርገዋል፤ ከተወደደ በኋላ ደግሞ ሊገዛው አይችልም። መፍትሔው ግለሰብ ገዥ በጥበብ የሚያመጣው አይመስለኝም። ኮሌጅ ሲስፋፋ ለሠራተኛውና ለሬዚደንቱ መኖሪያም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ ካልታሰበ ክፍያው በኪራይ መልክ እዚያው ሰው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እስከዚያው ግን አቅሙ ኖሮት የሚገዛ ሰው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቢገለብጥ ይጠቀማል። ደላላው የሚጀምረው ከገቢው ነው፤ ገዥው ከካርታው ይጀምር። ከካርታው ወደ ዕዳው፣ ከዕዳው ወደ ፊርማው፣ ከፊርማው ወደ ግንባታ ፈቃዱ ሄዶ፣ ኪራዩን መጨረሻ ላይ ያስላ። በዚህ መንገድ ሲሄድ ቤቱ ቢያመልጠው ያመለጠው ቤት ብቻ ነው፤ ጥሪቱ እጁ ላይ አለች።