የሕፃናትን ጆሮ በጨዋታ ስለ መመርመር

ሕፃን ልጅ ሲጠሩት ዝም ቢል፥ «ጫማ አምጣ» ሲሉትም ሻማ ይዞ ቢመጣ፥ ብዙ ወላጆች ነገሩን ከእልከኝነት ወይም ከልብ ማጣት ቈጥረው ይቈጡታል። ነገር ግን ልጁ ቃሉን አጥርቶ ያልሰማ እንደ ሆነ ቍጣው ያለ ፍርድ የወረደበት ይሆናል። ከተወለደ ጀምሮ አጥርቶ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ የጐደለውን ነገር ራሱ ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ ይህን መርምሮ ማግኘት የታላላቆቹ ፈንታ ነው።

ትንሽ ልጅን «አጥርተህ ትሰማለህን?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ጨዋታ ግን እውነቱን ይገልጣል። በእንግሊዝ አገር ማኮርሚክ የተባለው የመስማት ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1977 ዓመተ ምሕረት ያወጣው ምርመራ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በልጁ ፊት 14 ትንንሽ መጫወቻዎች ይደረደራሉ፤ እነዚህም ስማቸው በድምፅ የሚቀራረብ 7 ጥንዶች ናቸው። አስቀድሞ ልጁ የእያንዳንዱን ስም ማወቁ ይረጋገጣል፤ የማያውቀው ቢገኝ ከነጥንዱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ መርማሪው ከንፈሩን ሸፍኖ፥ ድምፁንም ቀስ በቀስ እያሳነሰ፥ «ቁልፉን አሳየኝ፤ ዛፉን አሳየኝ» ይለዋል፤ ልጁም በጣቱ ያመለክታል።

ይህ ምርመራ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ ጥቅሙ ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ቁልፍ «ኪ»፥ ዛፍ «ትሪ» ስለሚባሉ ጥንድ ሆኑ፤ በአማርኛ ግን ቁልፍና ዛፍ በድምፅ ፈጽሞ አይገናኙም። አማርኛ ለሚናገር ልጅ የሚስማሙት እንደ ዶሮና ጆሮ፥ እንደ ሻማና ጫማ፥ እንደ በቅሎና በቆሎ ያሉት ናቸው። የ«ተ»ንና የ«ጠ»ን ልዩነት ለመመርመር ደግሞ አንዱ ልጅ ኳስ ሲመታ፥ ሌላው ወደ ቤት ሲመጣ የሚያሳዩ ሁለት ሥዕሎች አዘጋጅቶ «የመታው የቱ ነው? የመጣው የቱ ነው?» ማለት ይበቃል።

ወላጆችም ይህን ጸጥታ ባለበት ክፍል ሊሞክሩት ይችላሉ። ከሁለት ሥዕሎች አንዱን መምረጥ በግምትም ይሳካልና፥ ቦታቸውን እየለዋወጡ ደጋግሞ መጠየቅ ይገባል። ልጁ በትክክል እያመለከተ «ጆሮ» ለማለት «ዶሮ» ቢል፥ ልዩነቱን ሰምቶታል፤ ገና በመማር ላይ ያለው አንደበቱ ነው፤ ስለዚህ ሊሣቅበት አይገባም። በማመልከትም የሚስት ቢሆን፥ በሌላ ቀን ተሞክሮም ነገሩ ያው ቢሆን፥ ወደ ጆሮ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ከጕንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡር በስተ ኋላ የሚጠራቀም ፈሳሽ እንኳ መስማትን ያደክማል፤ ይህም ሊታከም የሚቻል ነው።

ጨዋታው የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ልጁ በጨዋታው ቢያልፍም የወላጁ ጥርጣሬ ካልተወገደ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል። ቋንቋ በጆሮ የሚገባ ነውና፥ በሕፃንነት ሳይታወቅ የቀረ የመስማት ጕድለት የልጁን ንግግርና ትምህርት ያዘገያል። ስለዚህ «አልታዘዝ አለ» ከማለት በፊት «ሰምቶ ይሆንን?» ብሎ መመርመር የወላጅ ተግባር ነው።